እንጨት፣ ጭቃ፣ አሸዋ፣ ጭድ፦ የያቮርን የሰላም ቤተ ክርስቲያን በሞዴል ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ኅዳር መግቢያ

የሥራ ቤቴን አንድ ጥግ አጽድቼ ጠረጴዛ ዘርግቻለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሞዴል ልሠራ ነው። ቤቱ ያለው በፖላንድ ደቡብ ምዕራብ፣ ሲሌዥያ በሚባለው አካባቢ፣ ያቮር በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1654 ተጀምሮ በ1655 አለቀ፤ ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። «የሰላም ቤተ ክርስቲያን» ይሉታል። የተሠራው ከእንጨት፣ ከጭቃ፣ ከአሸዋና ከጭድ ነው። ከ360 ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም እንደቆመ ነው።

ለምን ይህን ቤት መረጥኩ? የአጥቢያችን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሉተር በአውሮፓ ስለጀመረው ተሐድሶ ሲማሩ በሥዕል የሚያዩት ሁሉ የድንጋይ ግንብ ነው። የኛ የመጀመሪያው ጸሎት ቤት ግን ጭቃ ቤት ነበር። አሁንም ከአዲሱ አዳራሽ ጀርባ አለ፤ የወንበር ማስቀመጫ ሆኗል። ልጆቹ «ያ አሮጌ ጭቃ ቤት» ነው የሚሉት። ጭቃ ማለት ድንጋይ እስኪገኝ ድረስ የሚቆይ ነገር ይመስላቸዋል። እኔ አናጢ ነኝ። በቃል ከማስረዳት ሠርቶ ማሳየት ይቀለኛል።

ታሪኩን እዚህ ላይ ልጻፈው። ለሥራውም ያስፈልገኛል። ከ1618 እስከ 1648 መካከለኛው አውሮፓ በሠላሳው ዓመት ጦርነት ታመሰ። ሲሌዥያ በሃብስበርግ ነገሥታት ሥር ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ካቶሊክ ነው፤ ከሕዝቡ ብዙው ግን ሉተራን ነበር። በዌስትፋሊያ ስምምነት ጦርነቱ አበቃ። ንጉሠ ነገሥቱ በቀጥታ በሚያስተዳድራቸው የሲሌዥያ ግዛቶች ግን ሉተራኖቹ አብያተ ክርስቲያናታቸውን ተነጠቁ። የተወሰዱት በመቶዎች ይቆጠራሉ። ሉተራን የሆነችው ስዊድን በድርድሩ ላይ አጥብቃ ስለያዘች፣ ንጉሠ ነገሥቱ ፈርዲናንድ 3ኛ ሦስት ብቻ እንዲሠሩ ፈቀደ። አንዱ በግሎጉፍ፣ አንዱ በያቮር፣ አንዱ በሽቪድኒትሳ።

ፈቃዱ ከነገደቡ ነው። ከከተማው ቅጥር ውጭ ይሠራ። ድንጋይና ጡብ አይግባበት። ማማም ደወልም አይኑረው። በአንድ ዓመት ይለቅ። ወጪው በሕዝቡ ይሸፈን። እጁ ጭቃ የነካ ሰው ይህን ዝርዝር ሲያነብ ወዲያው ይገባዋል። ሠርተው ሲጨርሱት ቶሎ እንዲበሰብስ ነው የተፈቀደላቸው።

ለሞዴሉም ይህንኑ ሕግ አውጥቻለሁ። እንጨት፣ ጭቃ፣ አሸዋ፣ ጭድ። ሲሚንቶ የለም፣ ጂፕሰም የለም፣ ፕላስቲክ የለም።

ኅዳር መጨረሻ

ልኬቱ 1 ለ 50 እንዲሆን ወሰንኩ። ቤቱ 43.5 ሜትር ይረዝማል፤ ከፍታው 15.7 ሜትር ነው። በሞዴሉ ርዝመቱ 87 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው ከ31 ሴንቲ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ሁለት ሰው ይሸከመዋል። ከዚህ ካነሰ የጭቃው ሥራ አይታይም። ከዚህ ከበለጠ ደግሞ በበር አይወጣም።

ንድፉን ያወጣው አልብሬክት ፎን ዜቢሽ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1610 ተወልዶ በ1688 የሞተ የቭሮትስዋፍ ከተማ ሰው ነው። የምሽግ መሐንዲስ ነበር። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። የምሽግ መሐንዲስ የሚያስበው ኃይል ከየት መጥቶ የት እንደሚያርፍ ነው። በዚያ ዘመን በእንጨትና በጭቃ መኖሪያ ቤት፣ ጎተራ፣ በረት መሥራት የተለመደ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ የሚይዝ አዳራሽ ግን ሌላ ነገር ነው። የሽቪድኒትሳውም የእሱ ንድፍ ነው። ሁለቱ ቤቶች ዛሬ በአውሮፓ በዚህ ዓይነት አሠራር ከተሠሩት የአምልኮ ቤቶች ትልልቆቹ ናቸው።

ለእንጨቱ ዋንዛ መረጥኩ። ጎረቤቴ አልጋና ቁም ሳጥን ይሠራል፤ የተረፈው ቁርጥራጭ ብዙ ነው። ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል፤ ቀጭን ሆኖ ሲሰነጠቅም አይጣመምብኝም። እዚያ የተጠቀሙት ኦክ ነው። ኦክ ከዋንዛ ይጠነክራል፤ በዚህ ልኬት ግን ልዩነቱ አይታይም።

ታኅሣሥ መግቢያ

አጽሙን ጀመርኩ።

ይህን አሠራር ከኛ ጭቃ ቤት የሚለየው መሠረቱ ላይ ነው። እኛ ቋሚውን ጉድጓድ ቆፍረን እንተክላለን። ዙሪያውን በድንጋይ እንጠቀጥቃለን። ጥሩ ይቆማል፤ ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ መሬት ውስጥ ያለው ክፍል በእርጥበትና በምስጥ ይበላል። እነሱ ቋሚውን አይቀብሩም። ወፍራም እንጨት ወለሉ ላይ በጎኑ ያጋድማሉ። ቋሚዎቹ የሚቆሙት በእሱ ላይ ነው። ከላይም ሌላ አግዳሚ ያስራቸዋል። በመሃል ሰያፍ እንጨቶች ይገባሉ። ግድግዳው ወደ ጎን እንዳይጋደል የሚይዙት እነዚህ ሰያፎች ናቸው።

የሚያያዘው እንጨት በእንጨት ነው። አንዱ ጫፉ ይቀጥናል፣ ሌላው በመሮ ይቦረቦራል፣ ይገባል፣ ከዚያ በጎን ተበስቶ የእንጨት ችንካር ይመታበታል። በሞዴሉ ለችንካር ስቲኪኒ ነው የምጠቀመው። መበሻው በጣም ቀጭን መሆን አለበት። እጅ ሲደክም ይሰበራል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ብቻ እበሳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እንጨት እሰነጥቃለሁ።

የዚህ አሠራር ጥቅም እየሠራሁ ነው የገባኝ። አንድ እንጨት ቢበላሽ ችንካሩን አውጥተህ እሱን ብቻ ትለውጣለህ። ቤቱ አይፈርስም። ድንጋይና ጡብ የከለከላቸው ንጉሠ ነገሥት ሳያስበው ሊጠገን የሚችል ቤት አሠራቸው።

አናጢውም ስሙ ተመዝግቦ ቀርቷል። አንድሬያስ ጋምፐር ይባላል፤ እዚያው የያቮር ሰው ነው። ብዙ ጊዜ የመሐንዲሱ ስም ይቀራል እንጂ የአናጢው አይቀርም። የዚህ ሰው ስም መቆየቱ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። በሞዴሉ ሥር በሚለጠፈው ጽሑፍ ላይ ሁለቱንም ስሞች እኩል አድርጌ እጽፋለሁ።

ገና ሰሞን

የውጭው አጽም ቆሟል። በስኳድራ ለካሁት፤ ማዕዘኑ ልክ ነው። ከውጭ ሲታይ ትልቅ ጎተራ ይመስላል፤ ትክክለኛውም ቤት እንደዚሁ ነው። ከተማ ዳር የቆመ፣ ማማ የሌለው፣ ጥቁር እንጨትና ነጭ ግድግዳ። ውስጡን ያላየ ሰው አልፎት ይሄዳል።

አሁን ሰገነቶቹ ላይ ነኝ። ከባዱ ሥራ ይኼ ነው። ቤቱ 5,500 ያህል ሰው ይይዛል ይባላል። የአንድ ትንሽ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ለምን ይህን ያህል ሰው መያዝ አስፈለገው? መልሱ ቀላል ነው። በአካባቢው ሌላ አልነበረም። ያቮር ብቻዋን አይደለችም የምትሰበሰበው፤ ዙሪያዋ ያለው ገጠር ሁሉ ነው። ሰው ከሩቅ በእግሩና በጋሪ ይመጣ ነበር። ቤቱን በጣም ማስረዘም አይቻልም፤ የሰባኪው ድምፅ ይጠፋል። ስለዚህ ወደ ላይ ሄዱ። ግድግዳውን ተከትለው በአራት ደረጃ ሰገነት ደረደሩ። ከነሱ ውስጥ ኋላ ላይ የተጨመሩም አሉ።

ሞዴሉን የሚያይ ሰው ይህን ካላየ ምንም አላየም። ስለዚህ ጣሪያው ይነሳል። አንዱ የጎን ግድግዳም በማጠፊያ እንዲከፈት አድርጌዋለሁ። ማጠፊያው ብረት ነው፤ ሕጌን ጥሶ የገባ ብቸኛው ብረት። ለልጆች ሲባል ነው።

የሰገነቱን ክብደት የሚሸከሙት ምሰሶዎች ከመሬት እስከ ላይ ይወጣሉ። የውጭው ግድግዳ ብዙም አይሸከምም። ይህን በእጅህ ስትሠራው ዜቢሽ ምን እንዳሰበ ይገለጥልሃል። ጭቃው ግድግዳ ይዘጋል እንጂ ሰው አይሸከምም። ጭቃው ቢረግፍ እንኳ ሰገነት ላይ የተቀመጠው ሰው አይወድቅም።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

የጭቃው ሥራ ተጀመረ። ጤፍ ተወቅቷል፤ አዲስ ጭድ እንደ ልብ ነው። ፀሐዩም ለማድረቅ ጥሩ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤት ሲመርጉ የኖሩ አዛውንት አሉ። ሄጄ ለመንኳቸው፤ መጡ። ሞዴሉን ዞረው አዩት። ብዙ አልተናገሩም። ከዚያ አፈሩን በጣታቸው አሹት።

«ከየት ነው ያመጣኸው ልጄ?»

«ከወንዙ ዳር ነው አባባ።»

«ይኼ አሸዋው ይበዛል። ከኮረብታው ሥር ያለውን ቀዩን አፈር ጨምርበት። ብቻውን እንዳታደርገው ደግሞ፤ ቀዩ ብቻውን ይሰነጠቃል።»

«ስንት ቀን ይቡካ?»

«እስኪሸት። ጭዱ ጭቃው ውስጥ መበስበስ መጀመር አለበት። ሽታው ሲለወጥ እጅህ ላይ ይጣበቃል። ያኔ ደርሷል።»

አፈሩን በወንፊት ነፋሁት። ጭዱን በመቀስ በጣም አሳጥሬ ከተፍኩት፤ በዚህ ልኬት ረጅም ጭድ ግድግዳውን አልፎ ይወጣል። ከዚያ የተለያየ መጠን ያለው ጭድ እያስገባሁ ትንንሽ የሙከራ ግድግዳዎች ሠራሁ። ጭድ ያነሰው ሲደርቅ ከእንጨቱ ተላቀቀ፤ መሃሉም ተሰነጠቀ። ጭድ የበዛው አልተሰነጠቀም፤ ግን አይለሰልስም፣ ኖራም አይቀበልም። መካከለኛው ጥሩ ነው። በላዩ ጭድ የሌለው ቀጭን ልስን ሲደረግበት ደግሞ በጣም ያምራል።

ለማገር ስንደዶ ተጠቀምኩ። እናቴ ሞሰብ ስትሰፋ የተረፋት ነው። በቋሚዎቹ መካከል ስንደዶውን እየሰካሁ፣ ጭቃውን ከሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ በአውራ ጣት እየተጫንኩ ነው የምሞላው። በአንድ ወገን ብቻ ከተመረገ በሌላው በኩል ይወጣና አይያያዝም። አዛውንቱ ይህን ሲያዩ ነው መጀመሪያ የሳቁት። «ቤት ሲመረግም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሰው ከውጭ አንድ ሰው ከውስጥ» አሉኝ።

እረፍት ስናደርግ አሮጌውን ጸሎት ቤታችንን ልይ አሉ። አብረን ሄድን። ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፣ ድምፁን ሰሙት። ቋሚዎቹን ከሥር በጩቤ ወጋ ወጋ አደረጉ። በሰሜን በኩል ያሉት ጥቂቶቹ ከሥራቸው ተበልተዋል። ሌላው ደህና ነው። «ይኼ ቤት ምንም አልሆነም። መራጊ ነው ያጣው» አሉ።

ያቮርን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳ ብባል ከዚህ የተሻለ አላገኝም። ቤቱ እስካሁን የቆመው ጭቃው የተለየ ስለሆነ አይደለም። ጭቃው እንደኛው ጭቃ ነው። በየትውልዱ የሚጠግነው ሰው ስላላጣ ነው።

ጥር መጨረሻ

ሁሉም ግድግዳ ተመርጎ አልቋል። ደርቋል። ኖራ ሁለት ጊዜ ቀባሁ። እንጨቱ ላይ የፈሰሰውን ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ። ነጩና ጥቁሩ ተለይቶ ሲታይ ደስ ይላል።

የካቲት

አሁን ወደ ውስጥ።

እዚህ ላይ ማንበብ ነበረብኝ፣ ምክንያቱም ውስጡ ከውጭው በምንም አይገናኝም። የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ስለ ግድግዳ፣ ስለ ማማና ስለ ጊዜ ነው የሚያወራው። ስለ ሥዕል ምንም አይልም። የአንድ ዓመት ገደቡ ቤቱ እስኪቆም ነው። ቤቱ ከቆመ በኋላ ሰዎቹ በቀስታ፣ በየዓመቱ፣ እንደ አቅማቸው አስጌጡት። መጀመሪያ ኦርጋን በ1664 አስገቡ። ከዚያ የስብከት ሰገነቱ፣ በ1672 ደግሞ መሠዊያው ተሠራ። ከ1671 እስከ 1681 ባለው ጊዜ ጊዮርግ ፍሌግል የተባለ ሠዓሊ በሰገነቶቹ ፊት ላይ ወደ 200 የሚጠጉ ሥዕሎችን ሣለ። ከብሉይ ኪዳን፣ ከአዲስ ኪዳን። የመኳንንት ጋሻዎችና ዓርማዎችም አሉበት። ሕዝቡ ከጦርነት የወጣ፣ የደኸየ ሕዝብ ነው። ይህን ሁሉ ያደረገው ያ ሕዝብ ነው።

ብዙ ፕሮቴስታንት «የኛ ቤት ባዶ ግድግዳ ነው፣ ሥዕል የሌሎች ነው» ብሎ ያስባል። እኔም ልጅ ሆኜ እንዲህ ነው የሰማሁት። የያቮር ሉተራኖች እንደዚያ አላሰቡም። ማንበብ የማይችል ገበሬ ሰገነት ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰገነት ሲያይ መጽሐፍ ቅዱስን ከዘፍጥረት ጀምሮ በዓይኑ ይከተላል። ይህ ትምህርት ነው። እኔ በጣም ነው የምወደው።

ሥዕሉን ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሰጠኋቸው። እያንዳንዱ ጣውላ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ያለውን አንድ በአንድ መገልበጥ በዚህ መጠን አይቻልም። ስለዚህ ታሪኩን ራሳቸው እንዲመርጡ አደረግሁ። ደንቡ አንድ ነው፤ በቅደም ተከተል ይሁን፣ የላይኛው ሰገነት ብሉይ፣ የታችኛው አዲስ። ይህ አከፋፈል የኔ ነው፤ ለማስተማር ይመቻል ብዬ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ቤቱ ይሞላል። «ጋሼ፣ የኖኅ መርከብ ተይዟል?» «ጋሼ፣ እሷ ጎልያድን ወሰደችብኝ!» በጣም ቀጭን ብሩሽ ስላልተገኘ የዶሮ ላባ ጫፍ ቆርጠን እንጠቀማለን። ከሁሉም የሚገርመኝ አንዲት ልጅ ናት። ሩትን ሣለች። ሁለት ሰው፣ አንድ መንገድ፣ ሌላ ምንም የለም። ከርቀት ሲታይ ይለያል።

ወላጆችም መምጣት ጀምረዋል። አንድ አባት ልጁን ሊወስድ መጥቶ ራሱ ተቀምጦ ሣለ። የሣለው የቃና ሰርግ ነው፤ ጋኖቹን ብቻ።

መጋቢት

መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ መሰርሰሪያውን ትቼዋለሁ። በእጅ ነው የምሠራው።

መሠዊያውንና የስብከት ሰገነቱን ከአንድ የወይራ ቁራጭ ቀረጽኳቸው። ዝርዝሩን አልሞከርኩም። መሠዊያውን የሠራው ማርቲን ሽናይደር፣ የስብከት ሰገነቱን ደግሞ ማቴዎስ ክኖተ ነው። የነሱን ቅርጽ በዚህ መጠን ማስመሰል ማበላሸት ነው የሚሆነው። ቦታቸውና ቁመታቸው ልክ ይሁን፤ ይበቃል። ኦርጋኑም ያው። የመጀመሪያው በ1855 እና 1856 በሌላ ተተክቷል፤ እኔ ቦታውን ብቻ አሳይቻለሁ።

ሌላ ዜና። የአጥቢያው ሽማግሌዎች ሞዴሉን መጥተው አዩ። ከዚያ ወደ አሮጌው ጸሎት ቤት ሄዱ። የተበሉት ቋሚዎች እንዲለወጡና ቤቱ ከክረምት በፊት እንዲመረግ ተስማምተዋል። ቋሚዎቹን እኔ እሠራለሁ። እንደ ድሮው አልቀብራቸውም፤ ሥር ሥሩን ድንጋይ ደርድሬ፣ በላዩ ወፍራም ጽድ አጋድሜ አቆማቸዋለሁ። እኛን ድንጋይ የከለከለን የለም።

ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ

ስለ ማማው ብዙ አሰብኩ።

ዛሬ ወደ ያቮር የሚሄድ ሰው የሚያየው ቤት የደወል ማማ አለው። በ1655 ግን አልነበረውም፤ ተከልክሏል። የተፈቀደው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። የስዊድን ንጉሥ ካርል 12ኛ ሠራዊቱን ይዞ በሲሌዥያ በኩል አለፈ። በ1707 ከንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 1ኛ ጋር በአልትራንሽቴት ተዋዋለ። በዚያ ውል ምክንያት ሉተራኖቹ ከተወሰዱባቸው አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ተመለሱላቸው፣ ስድስት አዳዲስም ተፈቀዱ። የሰላም አብያተ ክርስቲያናትም ማማና ደወል እንዲኖራቸው ተፈቀደ። ከ50 ዓመት በላይ ያለ ደወል ነው የተሰበሰቡት።

ስዊድን እዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ መጣች። አንድ ጊዜ በድርድር፣ አንድ ጊዜ በሠራዊት። ለኛ ለመካነ ኢየሱሶች ይህ ስም እንግዳ አይደለም። በ1866 ምጽዋ የገቡት የመጀመሪያዎቹ የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን መልእክተኞች ከዚያው አገር ነው የመጡት። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ኦነሲሞስ ነሲብ በ1872 የተጠመቀው በነሱ ዘንድ ነው። መካነ ኢየሱስ በ1959 እንደ ቤተ ክርስቲያን ስትቋቋም ከሥሮቿ አንዱ ይኸው ነበር። ልጆቹ ያቮርን የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አድርገው እንዳያዩት ይህን እነግራቸዋለሁ።

የሌሎቹን ሁለት ቤቶች ዕጣም መናገር ያስፈልጋል። የግሎጉፉ ከተሠራ ብዙም ሳይቆይ በኃይለኛ ነፋስ ወደቀ። እንደገና ሠሩት። በ1758 ተቃጠለ፤ ከዚያ ወዲያ የእንጨቱ ቤት አልተመለሰም። እንጨትና ጭድ እሳት ሲነካው ምን እንደሚሆን እናውቃለን። የሽቪድኒትሳው፣ በ1656 እና 1657 የተሠራው፣ እንደ ያቮሩ ደህና ነው። ከያቮሩም ይበልጣል፤ 7,500 ያህል ሰው ይይዛል ይባላል። ከሦስቱ ሁለቱ ናቸው የተረፉት። መጥፋትም ይችሉ ነበር። ልጆቹ ይህንንም ማወቅ አለባቸው፤ ሁሉም ቤት አልዳነም።

ማማውን እንግዲህ ለብቻው ሠራሁት። ከቤቱ ጋር አልተጣበቀም። ከሥሩ ሁለት የእንጨት ችንካር አለው፤ በመሠረቱ ሰሌዳ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ይሰካል። ሲፈለግ ይነቀላል።

ግንቦት

የሚለጠፈውን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ከሁሉ የከበደኝ የመጨረሻው አንቀጽ ነው፣ የ1945ቱ።

ሲሌዥያ በ1740ዎቹ ከሃብስበርግ ወደ ፕራሻ፣ ፕሮቴስታንት ወደሆነችው የጀርመን መንግሥት፣ ዞረች። ከዚያ ወዲህ ሉተራን መሆን እዚያ ችግር አልነበረም። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ግን አካባቢው ለፖላንድ ተሰጠ። ጀርመናውያን ነዋሪዎች ተባረሩ። በቦታቸው የሰፈሩት ፖላንዳውያን በብዛት ካቶሊኮች ናቸው፤ ከነሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ከምሥራቅ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ነበሩ። ለ5,500 ሰው የተሠራው ቤት ጥቂት ሉተራኖች ብቻ ቀሩት። ለአንድ ጭቃ ቤት ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ንጉሠ ነገሥቱ የተመኘው ነገር የሚፈጸመው ያኔ ነበር፤ ጠጋኙ ሲሄድ።

አልተፈጸመም። የቀሩት ጥቂቶች ቤቱን ጠበቁት። ኮሙኒዝም ካበቃ በኋላ የፖላንድና የጀርመን ጠጋኞች አብረው ሠሩበት። የበሰበሰውን እንጨት እየቆረጡ አዲስ ቀጠሉ፤ ግድግዳውን አጠናከሩ፤ ሥዕሎቹን አጸዱ። በጦርነት ጠላት የነበሩ የሁለት ሕዝቦች ልጆች ናቸው። በ2001 ዩኔስኮ የያቮሩንና የሽቪድኒትሳውን በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው። ዛሬ የያቮሩ ቤት በፖላንድ የአውግስበርግ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን እጅ ነው። ጥቂት ምዕመናን አሉት፤ ጎብኚው ግን ብዙ ነው።

ይህን አንቀጽ አሳጥሬ ለልጆች በሚገባ ቋንቋ ለመጻፍ ደጋግሜ ሞከርኩ። በመጨረሻ እንዲህ አልኩት፦ «ሠሪዎቹ ሲሄዱ ሌሎች ጠበቁት። ጠባቂዎቹ ሌላ ቋንቋ ይናገሩ ነበር።»

ግንቦት መጨረሻ

ሞዴሉን አስረከብኩ። ሁለት ወጣቶች ተሸክመው አዳራሽ አስገቡት። በመንገድ ላይ ከግራው ጥግ ትንሽ ጭቃ ረግፏል። የተረፈውን ጭቃ በማሰሮ አስቀምጬ ነበር፤ በውሃ አርሼ ሞላሁት፣ ኖራም ነካ አደረግሁበት። ማሰሮው ከሞዴሉ ጋር እዚያው ይቀመጣል። ከልጆቹ ሁለቱ እንዴት እንደሚጠገን አሳይቻቸዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ሲረግፍ የሚሞሉት እነሱ ናቸው።

ማማው በሌላ ሣጥን ነው የሄደው። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ደንብ አውጥታለች። ትምህርቱ የሚጀመረው ያለ ማማ ነው፣ በ1655። ልጆቹ ሰገነቱን ከፍተው ያያሉ፣ የሣሉትን ይፈልጋሉ፣ አምስቱን ገደቦች በተራ ያነባሉ። 1707 ላይ ሲደርሱ አንዱ ልጅ ተነስቶ ማማውን ይሰካል።

የመጀመሪያው ትምህርት ላይ እኔም ነበርኩ። የሚሰካው ልጅ ችንካሩን አዙሮ አስገባው፤ አልገባም። አስተማሪዋ ልትረዳው ስትነሳ «ቆይ እትዬ፣ ገብቶኛል» አላት። አዞረው፣ ጫን አደረገው፣ ገባ።